የእንግሊዝኛው «ፐርፌክት»፦ የአንድ ሰዋስዋዊ ምርጫ ታሪክ

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የሚማር ሰው ከግሥ እርባታ ሁሉ አብዝቶ የሚቸገረው «ሃቭ» የተባለውን ረዳት ግሥ መቼ ማስገባት፣ መቼ መተው እንዳለበት ሲጠየቅ ነው። «አይ ሎስት ማይ ኪይ» እና «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪይ» የተባሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ቁልፍ መጥፋት ነው፤ ሁለቱም ድርጊቱ ያለፈ መሆኑን ያስታውቃሉ፤ ሆኖም የቋንቋው ተወላጅ አንዱን በሌላው ቦታ ሲሰማ ጆሮውን ይቆረቁረዋል። የሰዋስው መጻሕፍት ልዩነቱን በጥቂት መስመሮች ደንግገው ስለሚያልፉት ደንቡ ከቋንቋው ጋር አብሮ የተወለደ ይመስላል። ነገር ግን ቅርጹ ከ1,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ሲኖረው፣ ደንቡ ዛሬ በሚታወቅበት መልክ መጻፍ የጀመረው ከ18ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ነው፤ በመካከሉ ያለው ረጅም ዘመን የላቲን ሰዋስው ለእንግሊዝኛ በልኩ ያልተሰፋ ልብስ ሲያለብሰው የኖረበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ፐርፌክት» የተባለው የግሥ ቅርጽ የሚሠራው ከሁለት አካላት ነው፤ አንደኛው «አለኝ፣ አለው» የሚል ፍቺ ያለው «ሃቭ»፣ ሁለተኛው ግሣዊ ቅጽል፣ ማለትም እንደ አማርኛው «የተያዘ» ወይም «የተሰበረ» ከግሥ የወጣ ቅጽል ነው። ረዳቱ ግሥ በአሁን ጊዜ «ሃቭ» ወይም «ሃዝ»፣ በኃላፊ ጊዜ «ሃድ»፣ በትንቢት «ዊል ሃቭ» እየሆነ ሦስት ዓይነት ፐርፌክት ይሰጣል። ከሦስቱ ሊቃውንቱንም ተማሪውንም ያደከመው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለቱ ሌሎች ከአንድ ከተወሰነ ጊዜ በፊት የተፈጸመን ድርጊት የሚያመለክቱ ስለሆኑ፣ ያ ጊዜ ከታወቀ ምርጫቸው ያን ያህል አያከራክርም።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግሥ በእርባታ የሚለየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ አንዱ ኃላፊ፣ ሌላው የአሁኑንም የትንቢቱንም ጊዜ አጣምሮ የሚይዝ ኃላፊ ያልሆነ ጊዜ ነው። የዛሬው «ሃቭ» ያን ጊዜ ረዳት ግሥ ሳይሆን ባለቤትነትን የሚገልጽ ሙሉ ግሥ ነበር። አንድ ዓሣ አጥማጅ ዓሣ መያዙን በዚህ ግሥ ሲናገር ቃል በቃል «ዓሣውን በተያዘ ሁኔታ አለኝ» እንደማለት ነበር፤ የሚነገረው ስለ ያለፈው የማጥመድ ሥራ ሳይሆን አሁን በእጁ ስላለው፣ ተይዞ ስለሚገኘው ዓሣ ነው። ሊቃውንት ይህን በግምት አልደረሱበትም፤ በጥንት ጽሑፎች ውስጥ «የተያዘ» የሚለው ቅጽል ከዓሣው ጋር በጾታ፣ በቁጥርና በተሳቢነት ምልክት ሲስማማ ስለሚገኝ ቅጽሉ የዓሣው ገላጭ እንጂ የግሡ አካል እንዳልነበረ በግልጽ ይታያል።

ቅጽሉ ቀስ በቀስ ከተሳቢው ተላቅቆ ወደ ግሡ ተጠጋ። መጀመሪያ የስምምነት ምልክቱ እየተቆረጠ ሄደ፤ በንጉሥ አልፍሬድ ዘመን፣ ማለትም በ9ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በተጻፉ ጽሑፎች ውስጥ ምልክት ያለውና የሌለው ቅርጽ ጎን ለጎን ይገኛል። ቀጥሎም ሰዎች በእጅ ሊያዝ፣ ንብረት ሊሆን በማይችል ነገር ላይ ግሡን መጠቀም ጀመሩ፤ «ሰምቻለሁ» ወይም «ተናግሬያለሁ» ለማለት «አለኝ» የሚለው ግሥ ከገባ፣ የባለቤትነቱ ፍቺ ደርቆ ሰዋስዋዊ ሥራ ብቻ ቀርቶለታል ማለት ነው። በመጨረሻም የቃላቱ ቅደም ተከተል ጸና፤ ቅጽሉ ከተሳቢው ኋላ መቆሙን ትቶ ከረዳቱ ግሥ ቀጥሎ ቆመ። የድሮው ቅደም ተከተል ግን ከምድረ ገጽ አልጠፋም። በአየርላንድ እንግሊዝኛ ዛሬም ምሳ መብላቱን የሚናገር ሰው ተሳቢውን በመካከል አስገብቶ «አይ ሃቭ ማይ ዲነር ኢትን» ሊል ይችላል፤ የአየርላንድ ሊቃውንት ይህን ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የተረፈ ነው ወይስ ከአይሪሽ ቋንቋ የተወረሰ ነው እያሉ ይከራከሩበታል።

«ሃቭ» ይህን መንገድ ሲጓዝ ብቻውን አልነበረም። እንደ መምጣት፣ መሄድ፣ መውደቅ፣ ማደግ ያሉ የቦታና የሁኔታ ለውጥ የሚገልጹ ግሦች ተሳቢ ስለሌላቸው፣ በእነሱ ዘንድ ረዳት ግሥ የነበረው «ነው» የሚል ፍቺ ያለው «ኢዝ» ነበር፤ ሰው ሲመጣ «ሂ ሃዝ ካም» ሳይሆን «ሂ ኢዝ ካም» ይባል ነበር። ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ይህን ክፍፍል እስከ ዛሬ ጠብቀውታል። በእንግሊዝኛ ግን «ሃቭ» ከዘመን ወደ ዘመን እየገፋ መጥቶ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን «ኢዝ»ን ከቦታው አስለቀቀው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጻፈችው ጄን ኦስተን አሁንም በሁለቱም ትጠቀማለች፤ ከእሷ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ሳይሞላ የድሮው አነጋገር ሊጠፋ ተቃርቧል። የሁለቱ ረዳት ግሦች አጭር አነባበብ በንግግር አንድ ዓይነት «ስ» ወይም «ዝ» የሚል ድምፅ መሆኑ ሽግግሩን ሳያቀለው አልቀረም፤ «ሂዝ ጎን» የሚለውን የሚሰማ ሰው «ኢዝ» ይሁን «ሃዝ» ሊለይ አይችልምና። አሮጌው ቅርጽ ዛሬ በሙሉ ክብሩ የሚሰማው በትንሣኤ ሰላምታ ነው፤ የግእዙ «ተንሥአ» በሚገባበት ቦታ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች «ሃዝ» ሳይሆን «ኢዝ ሪዝን» ይላሉ።

ከዚህ ለውጥ አብዛኛው ሲካሄድ ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው የሚጽፍ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የሚጻፈው ስለ ላቲን ነበር። ላቲን ደግሞ «አደረገ» እና «አድርጓል» የሚሉትን ሁለት ፍቺዎች በአንድ የግሥ ቅርጽ ይሸፍናል፤ በዚህ ረገድ «ቀተለ» በሚለው አንድ ቅርጽ «ገደለ»ንም «ገድሏል»ንም የሚይዘውን ግእዝን ይመስላል። በ500 አካባቢ በቁስጥንጥንያ ያስተማረው ፕሪሺያን ለመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሁሉ መማሪያ በሆነው መጽሐፉ ይህን ቅርጽ «ፐርፌክቱም»፣ ማለትም «የተፈጸመ» ብሎ ከቀደሙት የላቲን ሊቃውንት እንደተቀበለው አስተላለፈው። ስሙ ለላቲኑ ቅርጽ ይስማማው ይሆናል፤ ችግር የፈጠረው ስሙ ሌላ ጠባይ ላለው ቅርጽ ሲሰጥ ነው። ከፕሪሺያን በፊት በ2ኛው መቶ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው ሰዋስዋዊ አጶሎንዮስ ዲስቆሎስ የግሪክኛው ፐርፌክት የሚያመለክተው ያለፈ ነገርን ሳይሆን አሁን ላይ ያለ ፍጻሜን እንደሆነ ጽፎ ነበር። አውሮፓ ይህን ሐሳብ ቢይዘው ኖሮ የእንግሊዝ ተማሪዎች ብዙ ድካም በዳኑ ነበር፤ ግን ለትምህርት ቤት የደረሰው የላቲኑ ስም ነው።

በላቲን ትምህርት ላይ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ማብራሪያ የተገኘው በ1000 አካባቢ ነው። ኤልፍሪክ የተባለው የቤነዲክቶስ ማኅበር መነኩሴ፣ በኋላ የኤንሻም ገዳም አበምኔት የሆነው፣ ለገዳም ተማሪዎች የላቲንን ሰዋስው በራሳቸው ቋንቋ አዘጋጀላቸው፤ በአውሮፓ ከላቲን ሌላ በሆነ የሕዝብ ቋንቋ የተጻፈ የመጀመሪያው የላቲን ሰዋስው ይህ ነው። ኤልፍሪክ «መቆም» የሚለውን የላቲን ግሥ በሦስቱ ኃላፊ ጊዜዎች ሲያረባ፣ ያልተፈጸመውን ኃላፊ እንዲያው «ቆምሁ»፣ ፐርፌክቱን «ፈጽሜ ቆምሁ»፣ ከሁሉ የራቀውን «ድሮ ቆምሁ» በሚሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ተረጎማቸው። በሦስቱም ውስጥ «ሃቭ» የለም። በዘመኑ ቅርጹ በቋንቋው ውስጥ ነበር፤ ኤልፍሪክም ጥሩ ጸሐፊ ነበር፤ ሆኖም ለላቲኑ ጊዜዎች አቻ አድርጎ ለመውሰድ አልታየውም፤ በእሱ ዘንድ ልዩነቱ የሚገኘው በድርጊቱ ሙሉነትና በርቀቱ ነበር።

ከ500 ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1540ዎቹ መጀመሪያ በመላው እንግሊዝ አንድ የላቲን ሰዋስው ብቻ እንዲሠራበት አዘዘ፤ መጽሐፉ የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ርእሰ መምህር የነበረው የዊልያም ሊሊ ሥራ ተብሎ ይታወቃል፤ ሊሊ በ1522 ስለሞተ ግን ያጠናቀቀው የሌሎች እጅ ነው። በዚህ መጽሐፍ ፐርፌክት «ፍጹም ያለፈ ጊዜ» ተብሎ ተበየነ፤ የእንግሊዝኛ ምልክቱም «ሃቭ» መሆኑ ተነገረ፤ በ«ሃድ» የሚነገረው ደግሞ «ከፍጹም በላይ ያለፈ» ተባለ፤ ረዳት ግሥ የሌለው ተራ ኃላፊ ግን «ፍጹም ያላለፈ» ሆነ። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ነው፤ አንድ እንግሊዛዊ ልጅ ቁልፉ እንደጠፋ፣ አሁንም እንዳልተገኘ ሲናገር ጊዜው ፍጹም ያለፈ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ጠፍቶ ወዲያው ስለተገኘ ቁልፍ ሲናገር ደግሞ ጊዜው ፍጹም አላለፈም። የልጁ አፍ ሳይሳሳት የሚናገረውን መጽሐፉ ገልብጦ ሰየመው። በ1586 ዊልያም ቡሎካር ያሳተመው ስለ እንግሊዝኛ ራሱ የሚናገረው የመጀመሪያው ሰዋስውም የሊሊን አከፋፈል ተከትሏል፤ እንግሊዝኛም እንደ ላቲን በሥርዓት ሊገለጽ እንደሚችል ማሳየት የደራሲው ክብር ነበርና።

ይህን መቃወም የደፈረው የሂሳብ ሊቁ ጆን ዋሊስ ነው። በኦክስፎርድ የጂኦሜትሪ ፕሮፌሰር የነበረው ዋሊስ በ1653 ባሳተመው፣ በራሱም በላቲን በተጻፈው የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ ቋንቋውን ወደ ላቲን ቅርጽ አስገድዶ ማስገባት ያለምክንያት ችግር ማብዛት እንደሆነ አስረዳ፤ በእንግሊዝኛ ግሥ ያለውም የአሁንና የኃላፊ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ በረዳት ግሦች የሚገኝ ጥምረት ነው አለ። ሐሳቡ ዛሬም በብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ያለው ነው። ለጊዜው ግን የሚያዳምጠው ትምህርት ቤት አላገኘም፤ ኦክስጅንን ካገኙት አንዱ የሆነው ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1761 በሰዋስዉ ወደዚሁ አስተሳሰብ ሲመለስም መምህራኑ በላቲኑ አከፋፈል ስድስት ጊዜዎች ማስቆጠራቸውን አልተዉም።

ስለ ትክክለኛው ምርጫ ጥብቅ ደንብ የማውጣት ልማድ ግን ከእንግሊዝ አስቀድሞ የጸናው በፈረንሳይ ነው። የፈረንሳይ ሰዋስዋውያን «ሃቭ»ን የሚመስለው ረዳት ግሥ ያለበትን ኃላፊና ተራውን ኃላፊ በሃያ አራት ሰዓት ለዩዋቸው፤ በመካከል ሌሊት ያለፈበት ድርጊት በተራው ኃላፊ፣ በዚያው ቀን የሆነው በጥምሩ ኃላፊ መነገር አለበት አሉ፤ በ1660 የታተመው፣ «ፖርት ሮያል» የተባለው የሰዋስው መጽሐፍም ይህንኑ አጸደቀ። ደንቡ ወደ መድረክም ወጥቶ ነበር። ፒየር ኮርኔይ «ለ ሲድ» በተባለው ድራማው አንድ ባላባት በዚያው ቀን ስለፈጸመው የስድብ ተግባር በተራው ኃላፊ እንዲናገር አድርጎ ነበር፤ የፈረንሳይ አካዳሚ ድራማውን ሲመረምር በመካከል ሌሊት ስላላለፈ ጊዜው ስህተት ነው ብሎ ተቸው፤ ኮርኔይም በኋላ ስንኙን ለወጠው። አንድ የአገር ምሁራን ጉባኤ በአንድ ግሥ ጊዜ ላይ ለመፍረድ መቀመጡ ዛሬ ያስገርም ይሆናል፤ ቢሆንም የጥያቄውን ክብደት ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ነገር የለም። ተራው የፈረንሳይ ሕዝብ ፍርዱን አልጠበቀም፤ ጥምሩ ኃላፊ ለትናንቱም ለአምናውም እየዋለ ሄዶ ተራውን ኃላፊ ከንግግር አስወጣው፤ በደቡብ ጀርመንና በሰሜን ጣሊያን የሆነውም ይኸው ነው። እንግሊዝኛ ግን በዚህ መንገድ ግማሽ ሄዶ ቆመ፤ ሁለቱንም ቅርጾች ሥራ ከፋፍሎ ስላኖራቸው ምርጫው እስከ ዛሬ አለ።

በእንግሊዝ ደንብ አውጪነት የበረታው በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። በኋላ የለንደን ጳጳስ የሆነው ሮበርት ላውዝ በ1762 ባሳተመው አጭር ሰዋስው በዋናነት የተጨነቀው ስለ ፍቺ ሳይሆን ስለ ቅርጽ ንጽሕና ነው፤ ታላላቅ ደራሲዎች ሳይቀሩ «ሃቭ ሪትን» ማለት ሲገባቸው «ሃቭ ሮት» ብለው ኃላፊውን ግሥ በግሣዊው ቅጽል ቦታ አስገብተዋል እያለ ስማቸውን ጠርቶ ይገሥጻቸዋል። የዛሬ መምህር ቀይ እስክሪብቶ የሚያሳርፍበት ይህ ስህተት ያን ጊዜ በተማሩ ሰዎች ደብዳቤ ሁሉ የሚገኝ ነበር፤ ሁለቱ ቅርጾች በብዙ ግሦች ገና አልተለያዩምና። ላውዝ «ኢዝ ካም» የሚለውን አነጋገር በለውጥ ግሦች ላይ ተቀብሎ ከዚያ ውጭ ሲሠራበት ይጠራጠራል።

የፍቺውን ጉዳይ ለብዙኃኑ ያደረሰው ሊንድሊ መሪ ነው። በፔንስልቬኒያ ተወልዶ በኒውዮርክ በሕግና በንግድ የሠራው፣ በ1784 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በዮርክ አጠገብ የተቀመጠው ይህ «ኩዌከር» የተባለው የክርስቲያን ማኅበር አባል፣ በከተማው ለነበረ የማኅበሩ ልጃገረዶች ትምህርት ቤት በ1795 አንድ ሰዋስው አሳተመ፤ መጽሐፉ በእንግሊዝና በአሜሪካ ለሁለት ትውልድ ያህል ተወዳዳሪ አላገኘም። መሪ የላቲኑን ስሞች እንዳሉ አስቀርቷል፤ ተራውን ኃላፊ አሁንም «ፍጹም ያላለፈ» ይለዋል። ከስሞቹ ሥር የጻፈው ማብራሪያ ግን ስሞቹን የሚያፈርስ ነው፤ ፐርፌክት ያለፈውን ከመናገር ጋር የአሁኑን ጊዜ ይጠቁማል ይላልና። ያለንበት መቶ ዘመን ገና ስላላለቀ በእሱ ውስጥ የተገኘ ግኝት በ«ሃቭ» ይነገራል፤ ያለፈው መቶ ዘመን ስለተዘጋ በእሱ የተገኘው በተራ ኃላፊ ይነገራል። ከዚህም ያለፈ ምሳሌ አለው፤ የሮማዊው ሲሴሮ ንግግሮች እስከ ዛሬ ስለሚነበቡ ሲሴሮ ንግግሮችን «ሃዝ ሪትን» ማለት ይቻላል፤ ግጥሞቹ ግን ስለጠፉ በእነሱ ላይ «ሃዝ ሪትን» ማለት አይቻልም። (በእርግጥ ከሲሴሮ ግጥም በመቶ የሚቆጠሩ ስንኞች ተርፈዋል፤ መሪ ለሰዋስዉ ሲል በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ላይ ትንሽ ቸኩሏል።) ምሳሌው ትልቅ እመርታ ነው፤ ድርጊቱ ለሁለቱም አንድ ነው፣ ሰውየውም ዘመኑም አንድ ናቸው፣ ርቀቱም እኩል 1,800 ዓመት ያህል ነው፤ የሚለየው ከድርጊቱ ዛሬ በእጅ የቀረው ነገር ብቻ ነው። ሰዋስዋዊው ሳያውቀው ወደ ጥንታዊው ዓሣ አጥማጅ ተመልሷል።

ደንቡ ከተጻፈ በኋላ ደግሞ አጠቃቀሙ ራሱ ጠበበ። በገጣሚዎቹ በቾሰርም በሼክስፒርም ዘመን «ሃቭ» ትናንትን ከሚያመለክት የጊዜ ተውሳከ ግሥ ጋር አብሮ ይገኝ ነበር፤ ከ18ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ግን «የስተርዴይ»ን ወይም አንድን የታወቀ ዓመት ከ«ሃቭ» ጋር ማስቀመጥ በጽሑፍ እንግሊዝኛ እየተወገዘ መጣ። ይህን ያመጣው የሰዋስዋውያኑ ቁጣ ነው ማለት ያስቸግራል፤ የቋንቋው የሥራ ክፍፍል አስቀድሞ ወደዚያ ያዘነበለ ይመስላል፤ መጻሕፍቱ የሠሩት ነገር ቢኖር ዝንባሌውን ሕግ ማድረግ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን ነገሩ ከመምህራን ወደ ቋንቋ ሊቃውንትና ወደ ፈላስፎች ተሻገረ። ዴንማርካዊው ኦቶ የስፐርሰን ፐርፌክት ወደ ኋላ የሚመለከት የአሁን ጊዜ እንጂ ከኃላፊ ጊዜዎች አንዱ አይደለም አለ። ከናዚ አገዛዝ ሸሽቶ በኢስታንቡል፣ ከዚያም በካሊፎርኒያ ያስተማረው ሃንስ ራይሸንባክ ደግሞ በ1947 በሎጂክ መጽሐፉ ውስጥ ለጊዜዎች ሁሉ የሚሆን ቀላል መለኪያ አቀረበ። በእሱ አስተያየት ማንኛውም ዓረፍተ ነገር ሦስት የጊዜ ነጥቦች አሉት፤ አንዱ ተናጋሪው የሚናገርበት ጊዜ፣ ሁለተኛው ድርጊቱ የሆነበት ጊዜ፣ ሦስተኛው ተናጋሪው ድርጊቱን የሚመለከትበት የእይታ ጊዜ ነው። ባቡሩ መድረሱን በተራ ኃላፊ የሚናገር ሰው ዓይኑን ባቡሩ በደረሰበት ሰዓት ላይ ያሳርፋል፤ በ«ሃቭ» የሚናገር ሰው አሁን ላይ ቆሞ ከኋላው ያለውን መድረስ ያያል፤ በ«ሃድ» የሚናገር ሰው የሚቆመው ባለፈ በሌላ ሰዓት ላይ፣ ለምሳሌ ተሳፋሪው ጣቢያው ሲገባ በነበረው ጊዜ ላይ ሆኖ ከዚያም ወደ ኋላ ያያል፤ በ«ዊል ሃቭ» ደግሞ የእይታው ቦታ ወደፊት ይሄዳል። የላቲን ስሞች ለ400 ዓመት ያላስረዱትን ይህ መለኪያ በአንድ ገጽ አስረዳው፤ «ትናንት» የእይታውን ጊዜ ከአሁን ስለሚያርቅ ከ«ሃቭ» ጋር የማይስማማበትም ምክንያት በዚህ ግልጽ ይሆናል።

ሁሉም ነገር ግን አልተፈታም። የቋንቋ ሊቁ ኖአም ቾምስኪ ያነሣውና ብዙ የተጻፈበት ምሳሌ ስለ አልበርት አይንሽታይን ነው፤ ሳይንቲስቱ በ1955 ከሞተ በኋላ አይንሽታይን ፕሪንስተንን «ሃዝ ቪዚትድ» ማለት ጆሮን ይቆረቁራል፤ ነገሩን ገልብጦ ፕሪንስተን በአይንሽታይን ተጎብኝታለች ማለት ግን ያስኬዳል፤ ከተማዋ አለችና። የሲሴሮ ግጥም ጥያቄ በሌላ ልብስ ተመልሶ መምጣቱን ሊንድሊ መሪን ያነበበ ሁሉ ያስተውላል። የቋንቋ ሊቁ በርናርድ ኮምሪ በ1976 የፐርፌክትን አገልግሎት የቀረ ውጤት፣ የሕይወት ተሞክሮ፣ እስከ አሁን የዘለቀ ሁኔታና የቅርብ ጊዜ ድርጊት በማለት በአራት ከፍሎ ያቀረበው ሲሆን፣ የዛሬ መማሪያ መጻሕፍት ምዕራፎቻቸውን በአመዛኙ የሚከፍሉት በዚሁ አኳኋን ነው።

ቋንቋውም አንድ ቦታ አልቆመም። አሜሪካውያን እንግሊዞች «ሃቭ» በሚያስገቡበት ብዙ ቦታ፣ በተለይም «አሁን ገና»፣ «ቀድሞውኑ»፣ «እስካሁን» የሚል ፍቺ ባላቸው ቃላት ዘንድ፣ ተራውን ኃላፊ ይጠቀማሉ፤ ለንደን ላይ ምሳ መበላቱ «ሃቭ ዩ ኢትን የት» ተብሎ ሲጠየቅ ኒውዮርክ ላይ «ዲድ ዩ ኢት የት» ይባላል። በአውስትራሊያ ደግሞ በተቃራኒው «ሃቭ» ወደ ትረካ ገብቷል፤ ፖሊሶች ለጋዜጠኞች ስለ አንድ ወንጀል ሲያስረዱ ተጠርጣሪው ገባ፣ መታ፣ ሮጠ የሚለውን ሁሉ በፐርፌክት ሲደረድሩ ይሰማል።

ይህ የምርጫ ጥያቄ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ በአገሪቱ የዘመናዊ ትምህርት መነሻ ላይ የበላይነት የነበረው የእንግሊዝኛ ሳይሆን የፈረንሳይኛ ቋንቋ ነው። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ለፈረንሳይኛ ሰፊ ቦታ ሰጥተው ነበር። ሁኔታው የተለወጠው ጣሊያን ከተባረረበት ከ1941 በኋላ ነው፤ በ1943 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ፣ በ1946 ደግሞ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሲከፈቱ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሆነ፤ የ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ይህንኑ አጽንቶታል። «ሃቭ»ን የመምረጥ ጥያቄ በዚህ መንገድ ፈተና የሚያልፍና የሚወድቅ ተማሪ ሁሉ ጉዳይ ሆነ።

አማርኛ ተናጋሪው ወደዚህ ጥያቄ ባዶ እጁን አይመጣም። «ሰብሯል» የሚለው ግሥ «ሰብሮ» እና «አለ» ተጣምረው የተገኘ ነው፤ እንግሊዝኛው በ«አለኝ»፣ አማርኛው በ«አለ» ያለፈውን ድርጊት ከአሁን ጋር ስላያያዙት ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይተዋወቁ ተቀራራቢ ብልሃት አግኝተዋል። ችግር የሚመጣው መመሳሰሉ በሚያበቃበት ላይ ነው። አማርኛ «ትናንት መጥቷል» ማለትን ወይም የአንድን ሰው የሕይወት ታሪክ ሲያወሳ ዓመተ ምሕረቱን ጠቅሶ «ተመርቋል» ማለትን አይከለክልም፤ በእንግሊዝኛ ይህ በቾሰር ዘመን እንጂ ዛሬ አያስኬድም። የቆይታ ነገርም አለ፤ በአማርኛ ሰውየው «አዲስ አበባ ከመጣ አሥር ዓመቱ ነው» ተብሎ በ«ነው» የሚያልቀው በእንግሊዝኛ «ሃዝ ሊቭድ» ወይም «ሃዝ ቢን ሊቪንግ» ይጠይቃል።

የትምህርት ቤት ስያሜዎችም የራሳቸውን አስተዋጽኦ አድርገዋል። የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት «ሰብሯል»ን የቅርብ ኃላፊ፣ «ሰብሮ ነበር»ን የሩቅ ኃላፊ ይሏቸዋል፤ እነዚህ ስሞች ወደ እንግሊዝኛው ክፍል ሲገቡ ተማሪው ምርጫውን በቀናት ርቀት መመተር ይጀምራል። ትናንት የሆነው ቅርብ ነውና «ሃቭ»፣ በአያቶቹ ዘመን የሆነው ሩቅ ነውና «ሃድ» ያስገባል፤ የዓድዋ ጦርነትን በ«ሃድ» የሚተርክ የተማሪ ድርሰት የሚወጣው ከዚህ ነው። ኤልፍሪክ በገዳሙ «ድሮ ቆምሁ» ብሎ ሲተረጉምና የፈረንሳይ ሊቃውንት ሌሊቱን ሲቆጥሩ የሄዱበት መንገድም ይኸው የርቀት መንገድ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን አሉታው ነው። «በላ» እና «በልቷል» በአዎንታ ሁለት ሆነው ሳሉ በአሉታ ሁለቱም «አልበላም» ይሆናሉ፤ አማርኛ ልዩነቱን የሚያሳየው ግሡን በመለወጥ ሳይሆን «ገና» የምትለውን ቃል በመጨመር ነው። ስለዚህ «ገና አልበላሁም» ለማለት የሚፈልግ ተማሪ አሉታውን ወደሚያውቀው ተራ ኃላፊ ይመልስና «አይ ዲድንት ኢት የት» ይላል። በእንግሊዞች መማሪያ መጽሐፍ የሠለጠነ የአዲስ አበባ መምህር ይህን በቀይ ያሰምርበታል፤ ያው ተማሪ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉ ዘመዶቹ ዘንድ ሲደርስ ግን ጎረቤቶቹ ሁሉ እንደዚያው ሲሉ ይሰማል።